ከሰው በፊት ብረት፦ የአውሮፕላን ማስወንጨፊያ በአዲስ የጦር መርከብ ላይ እንዴት ይፈተሻል?

ወቅቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 2015 ነው። ቦታው በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት የሚገኘው የኒውፖርት ኒውስ የመርከብ ግንባታ ጣቢያ ነው። በጀምስ ወንዝ ዳርቻ በታሰረች ግዙፍ የጦር መርከብ ወለል ላይ ጎማ የተገጠመለት ከባድ ብረት ቆሟል። ክንፍ የለውም፤ ሞተር የለውም፤ ሰውም አልተሳፈረበትም። ትዕዛዙ ሲሰጥ ብረቱ ከቆመበት ተስፈንጥሮ፣ የመርከቧን አፍንጫ አልፎ ወንዙ ላይ ወደቀ። እንዳይሰምጥ ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ ጀልባዎች ጎትተው መለሱት፤ ለሌላ ዙርም ተዘጋጀ።

መርከቧ "ዩ ኤስ ኤስ ጄራልድ አር ፎርድ" ትባላለች። በ38ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ስም የተሰየመች፣ ርዝመቷ 337 ሜትር ገደማ፣ ክብደቷ ወደ 100 ሺህ ቶን የሚጠጋ፣ ለግንባታዋም 13 ቢሊዮን ዶላር ያህል የወጣባት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ናት። ያ ክንፍ አልባ ብረት ወደ ወንዙ የተወረወረው ለትዕይንት አልነበረም። ጊዜው ሲደርስ በዚያው ማሽን ላይ ሰው የተቀመጠበት አውሮፕላን መቆሙ አይቀርምና፣ ማሽኑ የሚታመን መሆኑን አስቀድሞ ለማወቅ ነበር።

ይህ ጽሑፍ የአውሮፕላን ማስወንጨፊያ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ በአዲስ መርከብ ላይ በምን ቅደም ተከተል እንደሚፈተሽና ሙከራው ምን ጉድለቶችን እንዳጋለጠ ያብራራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማስወንጨፊያ ለምን አስፈለገ?

አውሮፕላን የሚነሣው በሞተሩ ጉልበት ብቻ አይደለም። ክንፉ አውሮፕላኑን ወደ ላይ ሊያነሣ የሚችለው አየር በበቂ ፍጥነት ሲያልፍበት ነው። በየብስ ላይ አውሮፕላኑ ይህን ፍጥነት የሚያገኘው ረጅም መንደርደሪያ ላይ እየሮጠ ነው። መርከብ ላይ ግን እንዲህ ያለ ቦታ የለም። የመርከቧ ወለል ምንም ያህል ሰፊ ቢመስል፣ ለአንድ አውሮፕላን መንደርደሪያ የሚተርፈው መቶ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ባሕር ነው።

ችግሩ የሚፈታው በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው፣ መርከቧ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙራ በፍጥነት ትቀዝፋለች፤ ይህም አውሮፕላኑ ገና ሳይንቀሳቀስ በክንፉ ላይ ነፋስ እንዲያልፍ ያደርጋል። ሁለተኛው ደግሞ ማስወንጨፊያው ነው። የቃሉ ሥር "ወንጭፍ" እንደሆነ ልብ ይሏል። ማማ ላይ ሆኖ የማሽላ አዝመራ ከወፍ የሚጠብቅ ልጅ፣ ድንጋዩን በእጁ ቢወረውረው ከሚደርስበት እጅግ አርቆ ወንጭፉ ያደርስለታል። የመርከቡ ማስወንጨፊያም ሥራው ይኸው ነው፤ የአውሮፕላኑ ሞተር ብቻውን ሊሰጥ ያልቻለውን ፍጥነት ይጨምርለታል።

አሠራሩ በአጭሩ ሲገለጽ እንዲህ ነው። በመርከቧ ወለል ላይ ቀጭን ስንጥቅ አለ። ከስንጥቁ ወጣ ብሎ የሚታይ ተንሸራታች ብረት ከአውሮፕላኑ የፊት ጎማ ጋር ይያያዛል። ከኋላ በኩል ደግሞ አውሮፕላኑ ጊዜው ሳይደርስ እንዳይንቀሳቀስ የሚይዘው ሌላ ብረት አለ። ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ሲጮህ ያዡ ብረት ችሎ ያቆየዋል፤ ማስወንጨፊያው ሲለቀቅ ግን ይላቀቃል። ከዚያ በኋላ ሦስት ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ አውሮፕላኑ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚደርስ ፍጥነት ይገባል።

በዚህች ቅጽበት አብራሪው ማረሚያ ጊዜ የለውም። የተሰጠው ኃይል ካነሰ አውሮፕላኑ ከመርከቧ ጫፍ ወደ ባሕሩ ይወድቃል፤ የወደቀበትም ቦታ በፍጥነት የምትገሰግሰው መርከብ መንገድ ላይ ነው። ኃይሉ ከበዛ ደግሞ የአውሮፕላኑ አካል ይጎዳል። ስለዚህ ከመነሣቱ በፊት የመርከቧ ሠራተኛ የአውሮፕላኑን ክብደት በሰሌዳ ለአብራሪው ያሳየዋል፤ አብራሪው "ትክክል ነው" ብሎ በምልክት ያረጋግጣል፤ ማስወንጨፊያውም በዚያ ክብደት ልክ ይስተካከላል።

ከመጀመሪያው ውድቀት እስከ እንፋሎት

ሰው ከመርከብ ላይ በአውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሣው ኖቬምበር 14 ቀን 1910 ነው። ዩጂን ኢሊ የተባለው አሜሪካዊ አብራሪ "በርሚንግሃም" በተባለች የጦር መርከብ ላይ ከተሠራ የእንጨት መድረክ ተነሣ። ማስወንጨፊያ አልነበረውም። አውሮፕላኑ ከመድረኩ እንደወጣ ዝቅ ብሎ ውኃውን ነካ፤ ቢሆንም ተነሥቶ በሰላም የብስ ላይ አረፈ። ቦታው ሃምፕተን ሮድስ ይባላል። ከመቶ ዓመት በኋላ ፎርድ የተሠራችበት ኒውፖርት ኒውስም በዚያው የውኃ ዳርቻ ላይ ያለች ከተማ ናት።

በ1912 የአሜሪካ ባሕር ኃይል በታመቀ አየር የሚሠራ ማስወንጨፊያ ሞከረ። ጁላይ 31 ቀን በአናፖሊስ በተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ የባሕር ኃይሉ መኮንን ቴዎዶር ኤሊሰን አውሮፕላኑ ላይ ተቀምጦ ነበር። አውሮፕላኑን ከማስወንጨፊያው ጋር አጥብቆ የሚይዝ ነገር ስላልተበጀለት መንገዱን ሳይጨርስ ወደ ላይ ተነሣ፤ የጎን ነፋስ መታውና ውኃ ውስጥ ወደቀ። ኤሊሰን በሕይወት ተረፈ። ጉድለቱ ተስተካክሎ ኖቬምበር 12 ቀን በዋሽንግተን በተደረገው ሙከራ በተሳካ ሁኔታ ተነሣ። በዚያ ዘመን ማሽኑንም ሰውየውንም በአንድ ጊዜ መፈተን የተለመደ ነበር፤ ለስሕተቱም የሚከፍለው የተቀመጠበት ሰው ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጄት አውሮፕላኖች መጡ። ክብደታቸው ጨመረ፤ ለመነሣት የሚያስፈልጋቸው ፍጥነትም እንዲሁ። ነባሮቹ ማስወንጨፊያዎች አልበቃ አሉ። መፍትሔውን ያመጣው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ኮሊን ሚቸል ነው። እርሱ ያቀረበው ማሽን ከመርከቧ ማፍያ የሚወጣውን እንፋሎት በቀጥታ የሚጠቀም ነው። ከወለሉ ሥር ሁለት ረጃጅም ሲሊንደሮች ይዘረጋሉ፤ እንፋሎቱ በውስጣቸው ያሉትን ፒስተኖች ወደፊት ይገፋል፤ ፒስተኖቹም ከላይ ያለውን ተንሸራታች ብረት ይጎትታሉ።

ማሽኑ "ፐርሲየስ" በተባለች የእንግሊዝ መርከብ ላይ ከ1950 ጀምሮ ተፈተሸ። በዚህ ጊዜ ቅደም ተከተሉ ተለውጦ ነበር። በመጀመሪያ ሕይወት የሌለው ክብደት፣ ቀጥሎ አብራሪ ያልተቀመጠባቸው አውሮፕላኖች ተወነጨፉ፤ ሰው የተሳፈረው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መርከቧ በ1952 ወደ አሜሪካ ተሻግራ ማሽኑ በዚያም ታየ። አሜሪካውያኑ ወደዱት፤ በ1954 "ሃንኮክ" በተባለች መርከባቸው ላይ ሥራ አስጀመሩት።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ እንፋሎት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አውሮፕላኖችን ከመርከብ አስነሥቷል። አሥሩም "ኒሚትዝ" በሚል ስም የሚጠሩት የአሜሪካ መርከቦችና የፈረንሳይዋ "ሻርል ደ ጎል" የሚጠቀሙት በእንፋሎት ነው። ለምሥራቅ አፍሪካ ቅርብ በሆነው ቀይ ባሕር ከ2023 መጨረሻ እስከ 2024 አጋማሽ ተሰማርታ የነበረችው "ድዋይት ዲ አይዘንሃወር" የተባለችው መርከብም አውሮፕላኖቿን ያስነሣችው በዚሁ ዘዴ ነው።

ከእንፋሎት ወደ ኤሌክትሪክ

እንፋሎት ጠንካራ ቢሆንም እንከኖች አሉት። ማሽኑ ከባድ ነው፤ ቧንቧዎቹና ማጠራቀሚያዎቹ ሰፊ ቦታ ይይዛሉ፤ ብዙ ሠራተኛም ይፈልጋል። አንድ አውሮፕላን በተነሣ ቁጥር በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ግራም እንፋሎት ይወጣል፤ እንፋሎቱ ደግሞ በመርከቧ ላይ ከባሕር ውኃ ተጣርቶ የተገኘ ጨው አልባ ውኃ ነው። ከሁሉም በላይ፣ እንፋሎቱ አንዴ ከተለቀቀ በኋላ በመንገዱ ላይ ኃይሉን እያዩ መጨመርም መቀነስም አይቻልም። በመነሻው ላይ የሚሰጠው ድንገተኛ ግፊት የአውሮፕላኑን አካል ያደክማል። በጣም ቀላል የሆኑ ሰው አልባ አውሮፕላኖችን ለማስነሣትም አይመችም።

በእነዚህ ምክንያቶች የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለፎርድ በኤሌክትሪክና በማግኔት ኃይል የሚሠራ ማስወንጨፊያ መረጠ፤ በምሕጻረ ቃል "ኢማልስ" ይባላል። ሥራው በ2004 ጄኔራል አቶሚክስ ለተባለው ኩባንያ ተሰጠ።

የኢማልስን አሠራር ለመረዳት የተለመደውን የኤሌክትሪክ ሞተር ማሰብ ይጠቅማል። ሞተር ክብ ነው፤ በዙሪያው ያሉት ሽቦዎች ኤሌክትሪክ ሲያልፍባቸው የማግኔት ኃይል ይፈጥሩና መሐል ያለውን ክፍል ያሽከረክራሉ። ይህ ሞተር ተተርትሮ፣ ርዝመቱ 91 ሜትር ገደማ ሆኖ ወለሉ ሥር ቢዘረጋ መሐል ያለው ክፍል በመሽከርከር ፈንታ ወደፊት ይሮጣል። ኢማልስ ማለት ይኸው ነው። ሯጩ ክፍል ከአውሮፕላኑ ጋር ተያይዟል። በመንገዱ ላይ ያሉ መለኪያዎች ፍጥነቱን እያነበቡ ለኮምፒውተሩ ያሳውቃሉ፤ ኮምፒውተሩም በዚያችው ቅጽበት ኃይሉን ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። አውሮፕላኑ ሲለቀቅም የማግኔቱ ኃይል አቅጣጫውን ቀይሮ ሯጩን ክፍል ያቆመዋል።

ዋናው ጥያቄ ይህ ሁሉ ኃይል ከየት ይገኛል የሚለው ነው። ኢማልስ በአንድ ጊዜ እስከ 122 ሚሊዮን ጁል ጉልበት መስጠት እንዲችል የተሠራ ነው፤ የእንፋሎቱ ማስወንጨፊያ ደግሞ 95 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይሰጣል። ይህ መጠን 3.5 ኪሎ ዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 10 ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ሳይቋረጥ ቢሠራ ከሚፈጀው ጋር ይስተካከላል። ልዩነቱ፣ ማስወንጨፊያው ሁሉንም ሦስት ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ መጨረሱ ነው። መርከቧ ሁለት የኒውክሌር ማብላያዎች ቢኖሯትም፣ ይህን ያህል ኃይል በድንገት ከኤሌክትሪክ መስመሯ መሳብ አይቻልም።

ስለዚህ ኃይሉ አስቀድሞ ይጠራቀማል። በመርከቧ ውስጥ ከባድ ብረቶች በደቂቃ እስከ 6,400 ጊዜ እንዲሽከረከሩ ይደረጋል። የወፍጮ ቤት ድንጋይ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ጥቂት እየዞረ እንደሚቆይ ሁሉ፣ የሚሽከረከር ከባድ ነገር ጉልበት ይዞ ይቆያል። አውሮፕላኑ ሊነሣ ሲል ያ ጉልበት ወደ ኤሌክትሪክ ተመልሶ ወደ ማስወንጨፊያው ይፈስሳል፤ ብረቶቹም ፍጥነታቸው ይቀንሳል። በ45 ሰከንድ ውስጥ እንደገና ፍጥነታቸውን ይዘው ለሚቀጥለው አውሮፕላን ዝግጁ ይሆናሉ።

ሙከራው በአራት ደረጃ

የመጀመሪያው ደረጃ በየብስ ላይ ነው። በኒው ጀርሲ ግዛት ሌክኸርስት በሚገኘው የባሕር ኃይሉ ጣቢያ የማስወንጨፊያው ሙሉ አምሳያ መሬት ውስጥ ተተክሎ ተሠራ። በመጀመሪያ ብረት፣ ከዚያም አውሮፕላን ተወነጨፈበት። ዲሴምበር 18 ቀን 2010 አንድ "ኤፍ/ኤ-18ኢ" ተዋጊ ጄት በኢማልስ የተነሣ የመጀመሪያው ሰው የሚያበርረው አውሮፕላን ሆነ። በቀጣዩ ዓመት የማሠልጠኛ፣ የጭነት፣ የራዳርና "ኤፍ-35ሲ" የተባሉት አውሮፕላኖች ተራ በተራ ተሞከሩ። በአጠቃላይ በሌክኸርስት ከ400 በላይ ጊዜ ሰው የሚያበርራቸው አውሮፕላኖች ተነሥተዋል።

ሁለተኛው ደረጃ በመርከቧ ላይ ያለ ምንም ጭነት የሚደረግ ሙከራ ነው። በየብስ የሠራ ማሽን በመርከብ ላይ መሥራቱ አስቀድሞ የተረጋገጠ ነገር አይደለም። ኃይሉ የሚመጣው ከመርከቧ ከራሷ ነው፤ ገመዱ ሌላ ነው፤ የወለሉ ብረት ሌላ ነው፤ ከጎኑም ሌሎች ማሽኖች ይሠራሉ። በሜይ 2015 ሯጩ ክፍል ብቻውን፣ ምንም ሳይጎትት፣ በሙሉ ፍጥነት ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዲሮጥ ተደረገ። በዚህ ደረጃ የሚታየው ሯጩ ክፍል በትክክል መነሣቱ፣ መቆጣጠሪያው መታዘዙና መጨረሻ ላይም በታሰበበት ቦታ መቆሙ ነው።

ሦስተኛው ደረጃ መግቢያው ላይ የተገለጸው የብረት ሸክም ነው። ባለ ጎማዎቹ ብረቶች በክብደታቸው ይለያያሉ፤ ትንሹ 3.6 ቶን፣ ትልቁ 36 ቶን ገደማ ነው። በኩንታል ሲሰላ ከ36 እስከ 360 ኩንታል መሆኑ ነው። ይህ ልዩነት ያለምክንያት አልመጣም። መርከቧ ቀላልም ከባድም አውሮፕላን ታስነሣለች፤ ማስወንጨፊያውም ለሁሉም የሚገባውን ፍጥነት መስጠት አለበት። መሐንዲሶቹ እያንዳንዱ ብረት ጫፉ ላይ ሲደርስ የነበረውን ፍጥነት ከታቀደው ጋር ያስተያያሉ። ልዩነት ከተገኘ ምክንያቱ ይፈለጋል፤ ተስተካክሎም ብረቱ እንደገና ይወነጨፋል። ብረት ሲሳሳቱበት አይሞትም፤ ወንዙ ውስጥ ወድቆ ይመለሳል።

አራተኛው ደረጃ አውሮፕላን ነው። ፎርድ ሜይ 31 ቀን 2017 ለባሕር ኃይሉ ተረከበች፤ ጁላይ 22 ቀን በይፋ አገልግሎት ጀመረች። ከስድስት ቀን በኋላ፣ ጁላይ 28፣ ከቨርጂኒያ ባሕር ዳርቻ ራቅ ብላ ሳለ አንድ "ኤፍ/ኤ-18ኤፍ" ጄት መጥቶ አረፈባት። በዚያኑ ዕለት ጄቱ በኢማልስ ተወንጭፎ ተነሣ። ከሌክኸርስቱ የመጀመሪያ በረራ እስከዚያች ቀን ስድስት ዓመት ተኩል አልፏል።

ሙከራው ያጋለጣቸው ጉድለቶች

ሙከራ ዋጋ የሚኖረው መልካሙን ብቻ ሳይሆን መጥፎውንም ሲናገር ነው። የኢማልስ ሙከራዎችም ደስ የማያሰኙ ነገሮችን አውጥተዋል።

የመጀመሪያው በየብሱ ሙከራ ወቅት በ2014 የታየው ነው። ኢማልስ ከተመረጠባቸው ምክንያቶች አንዱ ለአውሮፕላኑ አካል ለስላሳ መሆኑ ነበር። ነገር ግን በክንፋቸው ሥር ትልልቅ ተጨማሪ የነዳጅ ታንኮችን የተሸከሙ ተዋጊ ጄቶች ሲወነጨፉ በአካላቸው ላይ ከሚገባው በላይ ጫና እንደሚደርስ ታወቀ። መፍትሔው የማሽኑን ብረት መቀየር አልነበረም፤ ኃይሉ የሚሰጥበትን አኳኋን የሚወስነው የኮምፒውተር ፕሮግራም ተስተካከለና ሙከራው ተደገመ። ጉድለቱ በየብስ ባይገኝ ኖሮ የሚገኘው በባሕር ላይ፣ ነዳጅና መሣሪያ በጫነ አውሮፕላን ላይ ነበር።

ሁለተኛው ጉድለት የአስተማማኝነት ነው። ባሕር ኃይሉ ያስቀመጠው መስፈርት ማስወንጨፊያው በአማካይ 4,166 ጊዜ ሳይሰናከል እንዲሠራ ነው። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የሙከራና ግምገማ ቢሮ ያወጣው ሪፖርት እንደሚያሳየው፣ በመርከቧ ላይ በተደረጉት የመጀመሪያ 747 ማስወንጨፎች 10 ከባድ ብልሽቶች ደርሰዋል። ይህም በአማካይ ከ75 ጊዜ አንድ ብልሽት ማለት ነው። ከኖቬምበር 2019 እስከ ሴፕቴምበር 2020 በተደረጉ 3,975 ማስወንጨፎች አማካዩ ወደ 181 ከፍ አለ። በኋላ በተቆጠሩ 1,841 ማስወንጨፎች ደግሞ 614 ደረሰ። መሻሻሉ ግልጽ ነው፤ ከመስፈርቱ ያለው ርቀትም እንዲሁ ግልጽ ነው። እዚህ ላይ "ከባድ ብልሽት" ሲባል አውሮፕላን ወደቀ ማለት አይደለም፤ ማስወንጨፊያው እስኪጠገን ድረስ ከሥራ ውጪ ሆነ ማለት ነው።

ሦስተኛው ከንድፉ ጋር የተያያዘ ነው። ፎርድ አራት ማስወንጨፊያዎች አሏት። በእንፋሎት መርከቦች ላይ አንዱ ሲበላሽ እርሱን ለይቶ ዘግቶ እየጠገኑ በሌሎቹ መሥራት ይቻላል። በኢማልስ ግን ኃይል የሚያጠራቅሙትና የሚያከፋፍሉት ክፍሎች ለማስወንጨፊያዎቹ የጋራ ናቸው። አንዳንድ ጥገናዎችን በረራ ሳይቋረጥ ማካሄድ አይቻልም። በከፍተኛ ፍጥነት የሚሽከረከሩት ብረቶችም ፍጥነታቸውን ጨርሰው እስኪቆሙ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳሉ።

ይህ በተግባር የታየው ጁን 2 ቀን 2020 ነው። መርከቧ ባሕር ላይ ሳለች ማስወንጨፊያው በኃይል አቅርቦት ክፍሉ ችግር ምክንያት ቆመ፤ ችግሩ የተከሰተው ሥርዓቱ በእጅ እንደገና ሲነሣ እንደሆነ ተገልጿል። አራቱም ማስወንጨፊያዎች አገልግሎት መስጠት አቆሙ፤ ሥራው የተመለሰው ከአምስት ቀን በኋላ ነው። በሥልጠና ላይ አምስት ቀን መቆም ጊዜ ማባከን ነው፤ በጦርነት ላይ ቢሆን ግን አውሮፕላን ማስነሣት ያልቻለች አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ራሷን ለመጠበቅም ትቸገራለች።

የመዘግየቱ ምክንያት

የአሜሪካ መንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ በተደጋጋሚ የነቀፈው ነገር፣ አዳዲሶቹ ቴክኖሎጂዎች ገና ተሞክረው ሳያልቁ የመርከቧ ግንባታ መጀመሩን ነው። ማስወንጨፊያው ብቻ ሳይሆን አውሮፕላን ሲያርፍ የሚያቆመው ማሽን፣ የጦር መሣሪያ ማንሻዎቹና ራዳሩም አዳዲሶች ነበሩ። የፎርድ ግንባታ በ2009 በይፋ ሲጀመር ኢማልስ ገና አንድም አውሮፕላን አላስነሣም ነበር። መርከቧ ለኢማልስ ተብላ ስለተነደፈች ደግሞ ወደ እንፋሎት መመለስ ማለት ከወለሉ ሥር ያለውን ሁሉ አፍርሶ እንደገና መሥራት ነው። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" የሚለው አባባል እዚህ ቦታውን ያገኛል። በ2015 ትጠናቀቃለች የተባለችው መርከብ የተጠናቀቀችው በ2017 ነው፤ የመጀመሪያ ሙሉ ግዳጇን የጀመረችው ደግሞ በሜይ 2023 ነው።

ጉዳዩ የፖለቲካ መነጋገሪያም ሆኖ ነበር። በ2017 ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ የኤሌክትሪኩ ማስወንጨፊያ ውድና ውስብስብ መሆኑን ተችተው ወደ እንፋሎት መመለስ እንደሚሻል በይፋ ተናግረዋል። ባሕር ኃይሉ ግን በያዘው መንገድ ቀጠለ። በ2021 መርከቧ በፍሎሪዳ ባሕር ዳርቻ አቅራቢያ ከባድ ፈተና አለፈች፤ እያንዳንዳቸው 18 ቶን የሚመዝኑ ሦስት ፈንጂዎች በተለያየ ጊዜ አጠገቧ ውኃ ውስጥ እንዲፈነዱ ተደርጎ፣ እርሷና በውስጧ ያሉት ማሽኖች ንዝረቱን መቋቋማቸው ታየ። በጁን 2022 ደግሞ 10 ሺህኛው አውሮፕላን ተነሥቶባታል።

የቻይና መንገድ

በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማስወንጨፊያ በመርከብ ላይ የገጠመች ሁለተኛዋ ሀገር ቻይና ናት። "ፉጂያን" የተባለችው መርከቧ በጁን 2022 ሻንጋይ በሚገኘው ጂያንግናን የመርከብ ግንባታ ጣቢያ ውኃ ላይ ወረደች። ከ80 ሺህ ቶን በላይ ትመዝናለች፤ ሦስት ማስወንጨፊያዎችም አሏት። ከፎርድ በተለየ የኒውክሌር ማብላያ የላትም፤ ኃይሏ ከተለመደው ነዳጅ የሚገኝ ነው።

የሁለቱ ሀገራት ፉክክር የቱንም ያህል ቢበረታ፣ የሙከራው ቅደም ተከተል አንድ ዓይነት ሆኗል። በኖቬምበር 2023 ፉጂያን በሻንጋይ እንደታሰረች ባለ ጎማ የብረት ሸክም ከወለሏ ወደ ውኃው ሲወነጨፍ የሚያሳዩ ምስሎች ወጡ። በሜይ 2024 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሙከራ ወደ ባሕር ወጣች። በሴፕቴምበር 2025 ሦስት ዓይነት አውሮፕላኖች፣ ከእነዚህም አንዱ ከባድ የራዳር አውሮፕላን፣ ከመርከቧ ላይ መወንጨፋቸው ይፋ ተደረገ። በኖቬምበር 2025 መርከቧ አገልግሎት መስጠት ጀመረች።

ፈረንሳይም ወደፊት "ሻርል ደ ጎልን" የምትተካውን መርከብ በአሜሪካው ኢማልስ ለማስታጠቅ ወስናለች። የፎርድ እህት የሆነችው "ጆን ኤፍ ኬኔዲ" የተሠራችውም ይህንኑ ማስወንጨፊያ ይዛ ነው።

ከሙከራው የሚወሰደው

አዲስ ማሽን አሮጌውን የሚተካው የተሻለ ስለሚመስል አይደለም፤ የተሻለ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። እንፋሎቱ ውኃ የሚፈጅ፣ ከባድና ሠራተኛ የሚያበዛ ቢሆንም ለአሥርት ዓመታት ተፈትኖ ጠባዩ ታውቋል። ኤሌክትሪኩ በብዙ ነገር ይበልጠዋል፤ ኃይሉ ከፍ ያለ፣ ቁጥጥሩም የተሻለ ነው። ብልሽቱ ግን በየጊዜው እየተቆጠረ፣ ቁጥሩም በግልጽ እየተነገረ ነው የተሻሻለው። ብልሽቱ ተደብቆ ቢሆን ኖሮ ከ75 ወደ 614 የተደረገውን ጉዞ ማንም ሊያውቀው፣ ሊያርመውም አይችልም ነበር።

ቅደም ተከተሉም የራሱ ትርጉም አለው። በ1912 ኤሊሰን ራሱ ተቀምጦ ወደቀ። ከአርባ ዓመት በኋላ እንግሊዛውያን ብረትና ባዶ አውሮፕላን አስቀደሙ። ዛሬ በቨርጂኒያም ሆነ በሻንጋይ በመጀመሪያ ባዶው ሯጭ ክፍል፣ ቀጥሎ ብረት፣ ሰው መጨረሻ ላይ ነው። ወንዝ ውስጥ እየወደቀ የሚመለሰው ያ ክንፍ አልባ ብረት ሥራው አንድ ነው፤ ስሕተት ካለ እርሱ ላይ እንዲደርስ። ከእርሱ በኋላ በዚያው ወለል ላይ የሚቆመው አብራሪ ክብደቱን አረጋግጦ፣ ምልክቱን ሰጥቶ ሲጠብቅ፣ ለሦስት ሰከንድ ያህል ሕይወቱን የሚሰጠው ሌሎች ሰዎች በትዕግሥት ለፈተሹት ማሽን ነው።